«የዕድሜ ልክ ፍርድ» ያልከውን ቃል አንሳ!

የካዛንቺስ ልጅ፦ ትናንት እዚሁ አንዱ «የኮሌስትሮል ኪኒን የዕድሜ ልክ ፍርድ ነው፤ ነጭ ሽንኩርትና ተልባ ይበቃል» ብሎ ጻፈ። አባቴ አንብቦ የኮሌስትሮል ኪኒኑን፣ አቶርቫስታቲኑን፣ አቆመ። የልብ ደም ስሩ ተዘግቶ ስቴንት (ደም ስሩን ከፍቶ የሚይዝ ትንሽ ቱቦ) የገባለት ሰው ነው! ውስጤ ተቃጥሏል።

ፒያሳ፦ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ቃሌን አላነሳም። እናቴ ሁለት ዓመት ዋጠችው። ጭኗን እያመማት ደረጃ መውጣት አቃታት። ስታቆም ተሻላት።

ፋርማሲስቷ (አራት ኪሎ)፦ ወንድሜ፣ የጡንቻ ሕመም አያመጣም አልልህም። ግን ሐኪም መጠኑን ይቀንሳል፣ ዓይነቱን ይቀይራል። በ2020 የወጣ የእንግሊዝ ጥናት አለ። በሕመም ምክንያት ስታቲን (እንደ አቶርቫስታቲን ያለ የኮሌስትሮል ኪኒን) ያቆሙ ሰዎች ስታቲንና መድኃኒት የሌለበት ኪኒን በየተራ ተሰጣቸው። በስታቲኑ ከተሰማቸው ሕመም 90 በመቶው መድኃኒት በሌለበት ኪኒንም መጣ።

ፒያሳ፦ እናቴ ዋሸች ነው የምትይኝ?

ፋርማሲስቷ (አራት ኪሎ)፦ ኧረ በጭራሽ! ሕመሙ እውነት ነው። ያመጣው ሁልጊዜ መድኃኒቱ ላይሆን ይችላል ነው ያልኩት።

የካዛንቺስ ልጅ፦ አሁንም «ፍርድ» ያልከውን አልመለስክም። የስኳር መድኃኒትም የዕድሜ ልክ ነው። እሱንም ፍርድ ትለዋለህ?

ፒያሳ፦ ስኳር በሽታ ነው። ኮሌስትሮል ቁጥር ነው።

ፋርማሲስቷ (አራት ኪሎ)፦ ቁጥሩ ነው ደም ስር የሚዘጋው! በ1994 የወጣውን የስካንዲኔቪያ ጥናት ተመልከት። 4,444 የልብ ሕመምተኞች ነበሩ። ሲምቫስታቲን የተባለውን ስታቲን በወሰዱት ላይ ሞት በ30 በመቶ ቀነሰ። ተልባ ብላ፣ ጥሩ ነው። ስቴንት ላለው ሰው ግን የኪኒን ምትክ አይሆንም።

ለገሃር፦ እኛ ጾመኞች ነን እኮ። 55 ቀን ሥጋም ቅቤም ሳንነካ ኮሌስትሮል ከየት ይመጣል?

ፋርማሲስቷ (አራት ኪሎ)፦ ጉበት ራሱ ይሠራዋል። ስታቲን የሚገታውም ያንን ሥራ ነው። ደግሞ የጾሙን ወጥ በምን ዘይት ነው የምንሠራው? የሚረጋው የፓልም ዘይት ራሱ ኮሌስትሮል ባይኖረውም የደማችንን ኮሌስትሮል ከፍ ያደርገዋል።

ለገሃር፦ ጾማችንን አትንኪ!

ፋርማሲስቷ (አራት ኪሎ)፦ እኔም ጾመኛ ነኝ። ያልኩት ስለ ዘይቱ ነው።

ለገሃር፦ ዘይቱን መርጠን ነው እንዴ? የተገኘውን ነው የምንገዛው። የሱፍ ዘይት ዋጋ አታውቂም?

ፒያሳ፦ ያመመው ሰው ይናገር። እናቴ ዛሬ ደረጃ ትወጣለች።

የካዛንቺስ ልጅ፦ ለእናትህ ደስ ይበልህ። አባቴ ግን ዛሬም አልዋጠም። ጽሑፍህን እያሳየኝ ነው የሚከራከረኝ። እባክህ ቢያንስ «ስቴንት ያላችሁ ሐኪም ሳትጠይቁ አታቁሙ» ብለህ ጨምርበት።

ፒያሳ፦ አስብበታለሁ። «ፍርድ» ያልኩትን ግን አላነሳም።