የሐዘን ደረጃዎች ለፍቺም ይሠራሉ?

ፌቨን፦ ሰላም ለሁላችሁ። አምና አባቴን ቀበርኩ። ዘንድሮ ደግሞ ከባለቤቴ ጋር ተፋታን። ጓደኞቼ ስለ አምስቱ የሐዘን ደረጃዎች ይነግሩኛል፤ መካድ፣ ቁጣ፣ መደራደር፣ ድብርት፣ መቀበል። ለአባቴ አልቅሼ ወጣልኝ። በፍቺው ግን ጠዋት በንዴት እቃጠላለሁ፣ ማታ «ይመለስ እንጂ ሁሉንም እችለዋለሁ» እላለሁ። ተራው ተምታታብኝ። ምን ላድርግ?

ሳምሪ፦ አይዞሽ እህቴ፣ የተበላሸ ነገር የለም። የሥነ አእምሮ ሐኪሟ ኤሊዛቤት ኩብለር ሮስ በ1969 እ.ኤ.አ. ደረጃዎቹን የጻፈችው በጠና ታመው የራሳቸውን ሞት ስለሚጠብቁ ሰዎች ነው። ለፍቺና ለሥራ ማጣት የዋሉት ኋላ ነው። እሷም ብትሆን ሁሉም ሰው በተራ ያልፍባቸዋል አላለችም። የተሰማሽን ለመሰየም ተጠቀሚባቸው፤ ራስሽን አትለኪባቸው።

ደሳለኝ፦ እኔ ከሥራ ስቀነስ መካዱ ነው የረዘመብኝ። ጠዋት ሸሚዜን ተኩሼ፣ ቦርሳዬን ይዤ እወጣ ነበር። ቀለል ያለኝ ለባለቤቴና ለጓደኞቼ በግልጽ ስናገር ነው። ሥራም የተገኘው በእነሱ በኩል ነው።

እትዬ ዘነቡ፦ ልጄ፣ አባትሽ ሲሞቱ እድሩ ድንኳን ተከለ፤ ጎረቤት ንፍሮ ቀቀለ፤ ሰው አብሮሽ አደረ። አርባው ወጣ፣ ሙት ዓመቱ ተዘከረ። ለፍቺ ማን ለቅሶ ይደርሳል? እንዲያውም «ተገላገልሽ» ይሉሻል። ስለዚህ አንቺው ጥሪያቸው። ቅዳሜ ከሰዓት ቡና አፍይና የምታምኛቸውን ሰብስቢ። «ምክር ይቅርብኝ፣ ስሙኝ ብቻ» በያቸው። ማታ ልጻፍለት ካሰኘሽ ወረቀት ላይ ጻፊው። ሳይነጋ እንዳትልኪው።

ሀብታሙ፦ ወንድሜ በሊቢያ በኩል ከወጣ ወዲህ ድምፁ ጠፍቷል። መርዶ የለ፣ ሬሳ የለ። እናቴ ዛሬም ለበዓል ድርሻውን ታስቀምጥለታለች። እሷን «ተቀበይ» ማለት ግፍ ነው። ፖሊን ቦስ የምትባል አሜሪካዊት ምሁር እንዲህ ያለውን ቁርጡ ያልታወቀ ማጣት ለብዙ ዓመታት አጥንታለች። ተስፋና ሐዘን አብረው መኖር ይችላሉ ትላለች። ቤታችን ያለው ይኸው ነው።

ሳምሪ፦ አንድ ልጨምር። እንቅልፍና ምግብ እምቢ ካለሽ፣ ወይም መኖር ካስጠላሽ፣ ደረጃው እስኪያልፍ ብለሽ አትጠብቂ። ሐኪም ቤት ሂጂ።

ፌቨን፦ እግዜር ይስጥልኝ። እትዬ፣ ቡናውን አፈላለሁ። የቀድሞ ባለቤቴ እናት ግን አሁንም ይደውሉልኛል። ላንሳላቸው?

እትዬ ዘነቡ፦ ከወደድሻቸው አንሺ። የልጃቸውን ነገር ሲጀምሩ ወሬ ቀይሪ።