በፈረንጆች ገና ሰሞን ጃማይካ፦ እናቴን፣ ጾሙንና ሁለት ልጆችን ይዤ እንዴት ልውጣው?

ጥያቄ፦ የሁለት ልጆች አባት (ሜሪላንድ)

ጤና ይስጥልኝ ወገኖቼ። ልጆቹ ለፈረንጆች ገና ትምህርት ቤት ሲዘጋላቸው ለአንድ ሳምንት ጃማይካ ልንወስዳቸው አስበናል። የአሥራ ሁለት ዓመቱ ልጄ ቦብ ማርሌይን ካወቀ ወዲህ በቤታችን ሌላ ሙዚቃ አይሰማም፤ የሰባት ዓመቷ የምትፈልገው ባሕርና አሸዋ ብቻ ነው። እኔን ደግሞ ከልጅነቴ ጀምሮ የሚስበኝ፣ አባቴ ይተርክልን የነበረው የጃንሆይ የጃማይካ ጉብኝት ነው።

እኔና ባለቤቴ ግሪን ካርድ አለን፤ ፓስፖርታችን ግን የኢትዮጵያ ነው። ልጆቹ አሜሪካዊ ዜጎች ናቸው። እናቴ በቅርቡ ከአዲስ አበባ በጎብኚ ቪዛ መጥታ እኛ ጋ ናት፤ እሷንም ይዘናት መሄድ እንፈልጋለን። እሷና ባለቤቴ የነቢያትን ጾም እስከ ታኅሣሥ 28 ድረስ ስለሚጾሙ ሁሉን ያካተተ የሚባለው ሆቴል ምግቡ ለነሱ ምን ሊሆን ነው? ዋና ከተማዋ ኪንግስተን ናት ወይስ የባሕር ዳርቻዋ ሞንቴጎ ቤይ የምትሻለን? አውሎ ነፋሱስ? ሆቴል ልከፍል ጣቴ ቁልፉ ላይ ነው፤ ሳልጫነው አንድ በሉኝ።

መልስ፦ ቲኬት ሻጯ (አሌክሳንድሪያ)

ጣትዎን ያንሡ! በመጀመሪያ የእናትዎን ፓስፖርት አውጥተው የአሜሪካ ቪዛው የተለጠፈበትን ገጽ ይመልከቱ። የመግቢያ ብዛት የሚጻፍበት ቦታ አለ። «ኤም» የሚለው የላቲን ፊደል ካለ ቪዛው ብዙ ጊዜ ያስገባል። «አንድ» የሚል ከሆነ ግን ያ አንዱ እናትዎ ዋሽንግተን ደለስ አውሮፕላን ማረፊያ ሲደርሱ አልቋል። ከአሜሪካ ከወጡ ጃማይካ ላይ ይቀራሉ፤ ለመመለስ አዲስ ቪዛ ያስፈልጋቸዋል። ለካናዳና ለሜክሲኮ አጭር ጉዞ የሚሠራ ልዩ ደንብ እንዳለ የሰማ ሰው «ለካሪቢያንም ይሠራል» ሊልዎ ይችላል። ደሴቶቹን በተመለከተ ደንቡ ለተወሰኑ ተማሪዎችና የልውውጥ ጎብኚዎች እንጂ ለጎብኚ ቪዛ አይሆንም። ከ2025 ክረምት ወዲህ ለኢትዮጵያውያን የሚሰጠው የጎብኚ ቪዛ በአብዛኛው የሦስት ወርና የአንድ ጊዜ መግቢያ ስለሆነ ይህን በቀልድ አይውሰዱት።

ሁለተኛው የእርስዎና የባለቤትዎ ጉዳይ ነው። ግሪን ካርድ ወደ አሜሪካ ይመልሳችኋል እንጂ ጃማይካ እንድታስገባችሁ አያስገድዳትም። የጃማይካ ኤምባሲ እዚሁ ዋሽንግተን ነው። የኢትዮጵያ ፓስፖርትና ግሪን ካርድ እንዳላችሁ ገልጻችሁ በጽሑፍ ጠይቁ፤ መልሱንም አትማችሁ ያዙ። የአየር መንገዱ ሠራተኛ በር ላይ ሲያቆማችሁ ወረቀት ከቃል ይሻላል። ጉዞው ሲቃረብ የኢሚግሬሽንና የጉምሩክ ቅጹን በኢንተርኔት ሙሉ፤ ለዚህ ክፍያ የሚጠይቅ ድረ ገጽ ካጋጠማችሁ ደላላ ነው።

መልስ፦ ኪንግስተን የሠራሁ (ቶሮንቶ)

ኪንግስተን ሦስት ዓመት ሠርቻለሁ፤ አገሯን ከሆቴል መስኮት ብቻ ዐይተው የሚመለሱ ወገኖች ያሳዝኑኛል። የእርስዎ ቤተሰብ ሁለቱንም ይፈልጋል፤ ስለዚህ በአንዱ ገብታችሁ በሌላው ውጡ። መጀመሪያ ኪንግስተን፣ ከዚያ ሰሜኑ ዳርቻ፣ መመለሻው ከሞንቴጎ ቤይ። በ2016 የተከፈተው የክፍያ መንገድ ከኪንግስተን ሰሜኑ ዳርቻ ላይ ወዳለችው ኦቾ ሪዮስ በአንድ ሰዓት ገደማ ያደርሳል። ድሮ ይህ ጉዞ ተራራ ለተራራ ሲያንገላታ ይውል ነበር።

ከአውሮፕላኑ ስትወርዱ ለልጅዎ አንድ ነገር ይንገሩት። ያ ማረፊያ ያኔ ፓሊሴዶስ ይባል ነበር። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 21 ቀን 1966፣ በኛ ሚያዝያ 13 ቀን 1958፣ ጃንሆይ የደረሱት እዚያ ነው። ሕዝቡ አጥሩን ጥሶ አውሮፕላኑን ስለከበበው ወዲያው መውረድ አልቻሉም። በመጨረሻ ሞርቲመር ፕላኖ የተባለ የራስ ተፈሪያን ሽማግሌ ወደ ላይ ወጥቶ ሕዝቡ መንገድ እንዲለቅ ካደረገ በኋላ ወረዱ። የእርስዎ አባት የተረኩልዎ ይህንኑ ሳይሆን አይቀርም።

እሑድ ጠዋት ማክስፊልድ አቬኑ ወደሚገኘው የቅድስት ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን ሂዱ። የኛው ተዋሕዶ ነው። ከጉብኝቱ አራት ዓመት በኋላ፣ በ1970፣ ያኔ አባ ላእከ ማንደፍሮ ይባሉ የነበሩት አቡነ ይስሐቅ ተልከው ያቋቋሙት ነው። ቦብ ማርሌይን በ1980 «ብርሃነ ሥላሴ» ብለው ያጠመቁት እሳቸው ናቸው፤ በቀጣዩ ዓመት ሲሞትም የተሸኘው በኛ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ነው። እኔ በነበርኩበት ጊዜ ቅዳሴው በአብዛኛው በእንግሊዝኛ ነበር፤ ግእዙ በመካከል ብቅ ይላል። ካህኑ «እግዚኦ ተሣሃለነ» ሲሉ ሙሉ ጃማይካዊ ምእመን ሲመልስ መጀመሪያ የሰማሁ ዕለት እንባዬን መያዝ አልቻልኩም። አካባቢው ድኻ ሰፈር ስለሆነ በሆቴሉ በሚታወቅ መኪና ሂዱ፣ በዚያው ተመለሱ፤ በእግር አትዙሩ።

ሰኞ የማርሌይ ሙዚየም፣ ሆፕ ሮድ ቁጥር 56። የኖረበት ቤት ነው። ዲሴምበር 3 ቀን 1976 የተተኮሰበት ጥይት ግድግዳው ላይ የተወው ቀዳዳ አሁንም ይታያል። የተወለደበትና የተቀበረበት ናይን ማይል ግን ሴንት አን ተራራ ላይ ነው፤ ከኦቾ ሪዮስ ተነሥታችሁ ብትሄዱ ይቀርባል። መንገዱ ጠመዝማዛ ስለሆነ ትንሿን ቁርስ አታጥግቧት።

መልስ፦ ባለ አራት ልጆች (ዳላስ)

ከወንድሜ ጋር አልስማማም። ሕፃናት ይዞ ኪንግስተን ምን ይሠራል? የመጣነው ለዕረፍት ነው። እኛ ቀጥታ ሞንቴጎ ቤይ ገባን፣ ባሕሩ ላይ ሰባት ቀን ተኛን፣ ተመለስን፤ ማንም ሰው ክፉ አላሳየንም።

ከሆቴሉ ግን አንድ ነገር ተምሬአለሁ። ዋጋው በዶላር ምልክት ይጻፋል፤ የማን ዶላር እንደሆነ ግን አይናገርም። አንድ የአሜሪካ ዶላር ወደ 160 የጃማይካ ዶላር ስለሚመነዘር፣ ሳይጠይቁ ማዘዝ ወይ ያስደነግጣል ወይ ያስቃል። እኔን ያስደነገጠኝ ታክሱና የአገልግሎት ክፍያው ከላይ ሲጨመር ነው። «ይህ የመጨረሻው ዋጋ ነው?» ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም።

መልስ፦ ኪንግስተን የሠራሁ (ቶሮንቶ)

ባለ አራት ልጆች፣ ሰባት ቀን መተኛት እዚያው ሜሪላንድ፣ ኦሽን ሲቲ ባሕር ዳርቻም ይቻላል! ጠያቂው ስለ ጃንሆይ ነው የጻፈው። ጥንቃቄውን በተመለከተ ግን ልክ ነዎት። ኪንግስተን ውስጥ ከምሽት በኋላ ወዲያ ወዲህ ማለት አይገባም። ታክሲ ስትይዙ ሰሌዳው ቀይ መሆኑን እዩ፤ ቀይ ሰሌዳ የሌለው ፈቃድ የለውም። መኪና ለመከራየት ካሰባችሁ እዚያ የሚነዳው በመንገዱ ግራ በኩል እንደሆነ አትርሱ። ሜሪላንድ ለለመደ ሰው የመጀመሪያው አደባባይ ጸሎት ያስደርጋል። ከከተማ ከተማ ግን ኖትስፎርድ ኤክስፕረስ የሚባለው አውቶቡስ ሰዓቱን ያከብራል፤ ለበዓል ሰሞን ወንበሩን ቀድማችሁ ያዙ።

ጠያቂው

ቲኬት ሻጯ እህቴ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የእማዬን ፓስፖርት አወጣሁት። «አንድ» ይላል። ሆቴሉን ከፍዬ ቢሆን ኖሮ ምን እንደሚውጠኝ አላውቅም። አሁን ሁላችንም አኩርፈን ተቀምጠናል፤ ያላኮረፈችው እማዬ ብቻ ናት።

መልስ፦ ቲኬት ሻጯ (አሌክሳንድሪያ)

አይዞዎት። እናትዎን ይዛችሁ ሞቃት ባሕር ማየት ከፈለጋችሁ ፖርቶ ሪኮ አለች። የአሜሪካ ግዛት ስለሆነች ከዚህ የሚሄደው በረራ የአገር ውስጥ ነው፤ እናትዎ ከአሜሪካ ወጡ አይባልም። ፓስፖርታቸውን ግን ይያዙ። እዚያ በዓሉ እስከ ጃንዋሪ 6 ይዘልቃል፤ በሦስቱ ሰብአ ሰገል ዋዜማ ልጆች ለግመሎቹ ብለው ሣር በሳጥን ያስቀምጣሉ። የጃንዋሪ 6 ማግስት ደግሞ የኛ ገና ነው። ጃማይካ ከሆነ ምርጫችሁ ደግሞ እናትዎ እዚህ ዘመድ ጋ ይቆዩ።

መልስ፦ ጾመኛዋ (አትላንታ)

ለባለቤትዎ እኔ ልመልስ፤ ባለፈው ዓመት ጾሜን ይዤ ሄጄ ነበር። ከምትጠብቀው በላይ ይመቻታል፤ ሆቴሉ ውስጥ ሳይሆን ከሆቴሉ ውጪ። የራስ ተፈሪያን ምግብ ኢታል ይባላል። ሥጋ የለም፣ ወተት የለም፣ አብዛኛውን ጊዜ ጨውም የለም፤ ወጡ የሚሠራው በኮኮናት ወተት ነው። ባቄላ፣ ዱባ፣ ሥራ ሥር፣ ሙዝ። ጨው ማጣቱ መጀመሪያ ይከብዳል፤ እኔ ሚጥሚጣ በትንሽ ዕቃ ይዤ ነበር፣ አዳነኝ። ካላሉ የሚሉት ቅጠል ከጎመናችን ብዙም አይርቅም። ከካሳቫ የሚጋገረው ባሚ እንጀራን ባያስረሳም ሆድ ይይዛል። በገና ሰሞን ደግሞ ሩዙን «የርግብ አተር» በሚባለው ጥራጥሬና በኮኮናት ይሠሩታል፤ ለብቻው ይበቃል።

ሁለት ወጥመድ አለ። ካላሉም ሆነ አኪ የተባለው ፍሬ ብዙ ጊዜ የሚቀርበው ከጨው ዓሣ ጋር ተቀላቅሎ ነው። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር እዚህ አልከፍትም፤ እናቴ ሰምታ ትደውልልኛለች። የማትበላ ከሆነ «ያለ ዓሣ፣ ያለ ቅቤ» ብላ አስቀድማ ታዝዝ። አኪን በተመለከተ ልጆቹ ከዛፍ ቀጥፈው እንዳይቀምሱ። ሳይበስልና በራሱ ሳይከፈት መርዝ ነው። በምግብ ቤት የተሠራው ችግር የለውም።

መጠጡን ብትቀምሱ ደግሞ ትስቃላችሁ። በየቤቱ ለገና የሚፈላው ቀይ ሶረል የኛው ከርከዴ ነው፤ ዝንጅብል ይጨምሩበታል። ለልጆች ስትጠይቁ ግን «ሩም የሌለበት» በሉ፤ እነሱ ሳይጠየቁ ያፈሱበታል። የገናው ጥቁር ኬክም በሩም የተነከረ፣ እንቁላልና ቅቤ ያለበት ነው፤ ለፍስክ ይቆይ።

መልስ፦ ነርስ ነኝ (ሲያትል)

አውሎ ነፋሱን ማንም አልመለሰም። ወቅቱ ከጁን 1 እስከ ኖቬምበር 30 ስለሆነ በእናንተ ጊዜ ሥጋቱ አልፏል። ግን በኦክቶበር 28 ቀን 2025 ሜሊሳ የተባለው ምድብ አምስት አውሎ ነፋስ ደሴቲቱን በደቡብ ምዕራብ በኩል መትቷታል። ብላክ ሪቨር የተባለችው ከተማ ክፉኛ ፈርሳለች፤ ምዕራቡ በሙሉ ተጎድቷል። ስለዚህ ሆቴል ስትይዙ በማስታወቂያው ፎቶ ሳይሆን ደውላችሁ «የባሕሩ ዳርቻና ገንዳው ተከፍቷል? ጥገና አለ?» ብላችሁ ጠይቁ።

የትንኝ መከላከያ ቅባት ያዙ፤ በትንኝ የሚተላለፈው የዴንጊ ትኩሳት አለ። ለልጆቹ የወታደር መልክ ያለው ዝንጉርጉር ልብስ አታሽጉ፤ በጃማይካ ሲቪል ሰው እንዲለብሰው ሕጉ አይፈቅድም። ከኢትዮጵያ በቀጥታ የሚመጣ ዘመድ ካለ የቢጫ ወባ ክትባቱን ከጉዞው ቢያንስ ከአሥር ቀን በፊት ወስዶ ካርዱን ይያዝ።

መልስ፦ የሻሸመኔ ልጅ (ለንደን)

ከሻሸመኔ ነኝ ስል ናይን ማይል ላይ አንድ ሽማግሌ እጄን ይዘው አልለቅ አሉኝ። ያደግሁበትን ሰፈር በቤት በቤት ጠየቁኝ፤ የሚያውቋቸው ሰዎች እዚያ ሄደው ቀርተዋል። ኢትዮጵያዊ መሆናችሁን ስትናገሩ እንዲህ ያለ ነገር ሊገጥማችሁ ይችላል። አንድ ምክር ብቻ፦ ስለ ጃንሆይ የኛን የፖለቲካ ክርክር እዚያ አትክፈቱ። ለነሱ ጉዳዩ እምነት ነው። እኔ አንዴ ሞኝ ሆኜ፣ በኛ አቆጣጠር ስለ 1966 ዓ.ም. የወሎ ረሃብ ጀመርኩ፤ ቤቱ ጸጥ አለ፣ ሻዩም ቀዘቀዘ።

ጠያቂው

ወሰንን። ዲሴምበር 26 ወጥተን ጃንዋሪ 1 እንመለሳለን፤ ለታኅሣሥ 29 ቤታችን ነን። እማዬ ቨርጂኒያ እኅቴ ጋ ትቆያለች፤ የታኅሣሥ ገብርኤልንም እዚያው ታከብራለች። ሁለት ሌሊት ኪንግስተን፣ አራት ሌሊት ኦቾ ሪዮስ። እዚያ ያለውን ደንስ ሪቨር የሚባለውን ፏፏቴ ልጆቹ ይወጣሉ፣ እኔ ጫማ እጠብቃለሁ። ለኤምባሲው ዛሬ ጻፍኩ፤ መልሱ ሳይመጣ ቲኬት አልቆርጥም።

አንድ ጥያቄ ቀረኝ። ስለ ማክስፊልዱ ሥላሴ ስነግራት እማዬ ሻንጣዋን ከፈተች፤ ከአዲስ አበባ ያመጣችውን አንድ እሽግ ጧፍና ግማሽ ኪሎ ዕጣን አውጥታ «እኔ ባልሄድ ይህ ይሂድ» አለች። ጉምሩክ ላይ ችግር ይኖረው ይሆን?

መልስ፦ ኪንግስተን የሠራሁ (ቶሮንቶ)

ጧፉ ሰም ነው፤ የሚሰበር እንጂ የሚያስጠይቅ ስላልሆነ በልብስ ጠቅልለው በእጅ ሻንጣ ይያዙት። ዕጣኑን ግን ቅጹ ላይ ይመዝግቡት። የዛፍ ሙጫ መሆኑን፣ ለቤተ ክርስቲያን እንደሆነም ይንገሯቸው፤ ከጠየቁ ከፍተው ያሳዩአቸው። ቤተ ክርስቲያኑ ሲደርሱ ከቅዳሴ በፊት ለዲያቆኑ ይስጡትና የእናትዎን የክርስትና ስም በወረቀት ጽፈው ያያይዙበት።