በደቻቱ የሞቱት ንስሐ ስላልገቡ ነው ወይ?

የከዚራ ልጅ፦
ሰሞኑን የአንድ ሰባኪ ድምፅ ከስልክ ወደ ስልክ እየዞረ ነው። ስሙንም የሚያገለግልበትንም ቤት አልጠራም። ድሬዳዋ ላይ ስለደረሰው ስለ 1998ቱ የደቻቱ ወንዝ ጎርፍ ነው የሚያወራው። «ድሬ ያኔ ንስሐ ገብታ ቢሆን ኖሮ ያ ውኃ አይመጣባትም ነበር» ይላል። ሕዝቡም አሜን ይላል። እኔን ያንገበገበኝ አሜኑ ነው። ሐምሌ 29 ለ30 አጥቢያ ሰው በተኛበት ከ200 በላይ ነፍስ አልቋል። ሕፃናት ነበሩበት።
ጌታ ይኼን ጥያቄ መልሶታል እኮ። ሉቃስ 13 ላይ የሰሊሆም ግንብ ወድቆ 18 ሰው ገደለ። እነዚህ ከኢየሩሳሌም ሰው ሁሉ የከፉ በደለኞች ይመስሏችኋል ወይ ብሎ ጠየቀ። መልሱንም ራሱ ሰጠ፤ አይደለም አለ። ታዲያ ለየትኛው ወንጌል ነው አሜን የምንለው?

ጽኑ ዐለት፦
ወንድሜ፣ ጥቅሱን መሃል ላይ ቆረጥከው። ቀጥሎ ያለውን ለምን ተውከው? «ንስሐ ባትገቡ ሁላችሁ እንዲሁ ትጠፋላችሁ» ይላል። ሰባኪውም ከዚህ የተለየ አልተናገረም። እግዚአብሔር ያለ ምክንያት አይመታም። የኖኅ ዘመን ሰዎችም ሰዶምም ተነግሯቸው አልሰሙም። ነነዌ ሰማች፣ ተረፈች። ይኼን ለሰው መንገር ለሰው ማሰብ ነው እንጂ ጭካኔ አይደለም።

የከዚራ ልጅ፦
አልቆረጥኩም። «ሁላችሁ» የተባሉት እነማን ናቸው? ወሬውን ይዘው የመጡት ናቸው። በእግራቸው ቆመው የሚጠይቁት። ስለ ሙታን ኃጢአት ሊሰሙ መጡ፣ እሱ ወደ ራሳቸው መለሳቸው። ያንተ ሰባኪ ለሕያዋን የተነገረውን ቃል ወስዶ መቃብር ላይ ለጠፈው።

ኢንጅነር ከሳቢያን፦
«ያለ ምክንያት አይመታም» ላልከው፣ ምክንያቱንማ የድሬ ልጅ ሁሉ ያውቀዋል። ደቻቱ አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ነው። ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል፣ ሰው አቋርጦ ገበያ ይሄድበታል። ዝናቡ የሚጥለው ላይ ደጋው ላይ፣ በደንገጎ በኩል ነው። እኛ ሰማዩን አይተን ጥሩ ነው ብለን እንተኛለን፣ ውኃው ከተራራው ተጠራቅሞ ይመጣል። ተራራው ደግሞ ተራቁቷል። ዛፉ ማገዶና ከሰል ሆኖ አልቋል። ውኃውን ያዝ የሚያደርገው ነገር የለም። ከታች ደግሞ ድሃው ሌላ ቦታ ስለሌለው አሸዋው አፍ ላይ ጎጆውን ቀልሷል። ምክንያት ማለት ይኼ ነው።

ጽኑ ዐለት፦
ዝናቡን ግን ማን ያዘዋል?

ኢንጅነር ከሳቢያን፦
የሚያዘው እሱ ነው። ለጻድቅም ላልጻደቀም ያዘንባል ብሎ ማቴዎስ 5 ላይ የተናገረውም እሱ ነው። ታዲያ ዝናብ ያየህ ቦታ ሁሉ ፍርድ ነው ልትል ነው?

እኅተ ገብርኤል፦
ሁለታችሁም ወደ ጥግ አትሩጡ። የከዚራ ልጅ፣ ሙታን ላይ አይፈረድም ባልከው ካንተ ጋር ነኝ። ግን ንስሐንም ከመከራ ጨርሰህ አትለያት። ቤተ ክርስቲያናችን ዝናብ ሲጠፋ፣ ወረርሽኝ ሲገባ ምህላ ታውጃለች። እግዚኦ እያልን እንሰግዳለን። በየዓመቱ የነነዌን ሦስት ቀን የምንጾመው ለምንድን ነው? መከራ ሲመጣ ራሳችንን እንድናይ ነው። ምህላው ላይ ግን ካህኑ ተነሥቶ «እነ እገሌ ስለበደሉ ነው» አይልም። ማረን ነው የሚለው። ራሱንም ጨምሮ።

ጸጋ ብቻ፦
እኅቴ፣ ስግደትና የንስሐ አባት ጉዳዩን ያርቀዋል። ንስሐ በሰውና በአምላኩ መካከል ነው። መካከለኛው አንድ ነው።

እኅተ ገብርኤል፦
ስለዚህ አልተነሣም ነበር፣ ካነሣኸው ግን ልመልስ። ንስሐ በእኛ ዘንድ ከሰባቱ ምሥጢራት አንዱ ነው። «ኃጢአታቸውን ይቅር ያላችኋቸው ሁሉ ይቀርላቸዋል» የተባለው ለሐዋርያት ነው፣ ዮሐንስ 20 ላይ። ያዕቆብም እርስ በርሳችሁ ተናዘዙ ብሏል። ካህን ፊት ቆሞ በደልን በስሙ መጥራት ያዋርዳል፣ ያ ውርደት ነው የሚያድነው። በጓዳ ብቻ የሚባል ይቅርታ ለኔ ዓይነት ሰው ይቀልላታል። ቀኖና የሚሰጠኝ ሰው ከሌለ እዚያው ነኝ።

ጸጋ ብቻ፦
ሌባው መስቀል ላይ የትኛውን ካህን አገኘ?

እኅተ ገብርኤል፦
ሊቀ ካህናቱ አጠገቡ ተሰቅሎ ነበር።

የከዚራ ልጅ፦
አቦ ተዉት! ይኼን ሌላ ቀን። ጽኑ ዐለት፣ እኔ የጠየቅኩህ አንድ ነገር ነው። «ያለ ምክንያት አይመታም» ካልክ፣ ደቻቱ ዳር ተኝቶ የሞተው ልጅ ምክንያቱ ምን ነበር?

የደቻቱ ዳር፦
እኔም የምጠይቀው አለኝ። እናቴ በዚያ ዓመት ሐምሌ 19 ቁልቢ ገብርኤል ወጥታ ስለቷን አስገብታለች። የንስሐ አባታችን ከቤታችን አይጠፉም ነበር። ፍልሰታን ከልጅነቷ ጀምሮ ጾማ ታውቃለች፣ የዚያን ዓመቱንም ልትይዝ ተዘጋጅታ ነበር። ጾሙ በማግሥቱ ሊገባ ነው ውኃው የወሰዳት። ወንድሜ፣ እግዚአብሔር ያለ ምክንያት አይመታም ብለሃል። የእናቴን ምክንያት ንገረኝ። ለክርክር አይደለም። ሰባኪው የተናገረውን ሰምቼ እንቅልፍ አጥቻለሁ።

ጽኑ ዐለት፦
እኅቴ፣ እግዚአብሔር ያጽናሽ። እናትሽን አላነሣሁም፣ አላነሣም። የተባለው ስለ ከተማ ነው። ሕዝብ በጅምላ ሲበድል ንጹሑም አብሮ ይጎዳል። ዳዊት ሕዝቡን ቆጠረ፣ በቸነፈር 70 ሺህ ሰው አለቀ። እነዚያ ሁሉ አልቆጠሩም።

የከዚራ ልጅ፦
እንግዲህ ተመልከቱ። መጀመሪያ «ያለ ምክንያት አይመታም»። አሁን ደግሞ ምክንያቱ ሌላ ሰው ጋ ነው። ደግሞ ያነሣኸውን ታሪክ እስከ መጨረሻው አንብበው። ዳዊት ያን እልቂት ሲያይ ምን አለ? የበደልኩት እኔ ነኝ፣ እነዚህ በጎች ምን አደረጉ? እጅህ በእኔና በአባቴ ቤት ላይ ይሁን አለ። ንስሐ የገባ ሰው ሬሳ እያየ እንዲህ ነው የሚናገረው። ሰባኪው በዳዊት ቦታ ቢቆም ኖሮ «እኔ» ነበር የሚለው። እሱ ግን በጎቹን ወነጀለ።

ጽኑ ዐለት፦
ሰባኪው «እኛ» ቢል አንተ ትሰማው ነበር?

የከዚራ ልጅ፦
እሰማው ነበር። ከፊት ተቀምጬ።

የመጋላው፦
እኔ ሙስሊም ነኝ፣ መጽሐፋችሁ ውስጥ አልገባም። ግን የሰፈሬ ነገር ስለሆነ ልናገር። ያን ሌሊት ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ነው የሄደው። ሲነጋ ሬሳ ስንፈልግ ይሄ የማን ወገን ነው ያለ ሰው አላየሁም። እናንተ ንስሐ ትላላችሁ፣ እኛ ተውበት እንላለን፣ ሁሉም ሰው ያስፈልገዋል። በእኛ ዘንድ ግን ሰጥሞ የሞተ አማኝ ከሸሂዶች፣ ከሰማዕታት ማለት ነው፣ ይቆጠራል። የረሱል ሐዲስ ነው። ስለዚህ ጎረቤቶቼን ወንጀለኛ ሲያደርጋቸው ስሰማ አመመኝ።

ጽኑ ዐለት፦
አክብሬሃለሁ ወንድሜ። ግን በክርስቲያን ትምህርት ሞት በራሱ ማንንም አያጸድቅም።

የመጋላው፦
እሺ፣ አያጽድቅ። ይኮንናል ወይ? እኔ የምጠይቀው እሱን ነው።

የደቻቱ ዳር፦
የመጋላው፣ አላህ ይስጥህ። እናቴን ሲቀብሩልን የመጋላ ሰዎች ነበሩ ጉድጓዱን የቆፈሩት።

የባቡር ጡረተኛ፦
ልጆቼ፣ ደቻቱ ከ1998 በፊትም ሞልቶ ያውቃል። እኔ ለገሃር ስሠራም እናውቀዋለን፣ የዚያን ሌሊቱን ያህል ባይከፋም። ከዚያ በኋላ የመከላከያ ግንብ ተሠራ፣ ጥሩ ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ንስሐ ንስሐ ስትሉ ዘኬዎስን አንድም ሰው አላነሣም። ያ ሰው ጌታ ቤቱ ሲገባ አላለቀሰም። ግማሽ ሀብቴን ለድሆች፣ የቀማሁትንም አራት እጥፍ እመልሳለሁ ነው ያለው። ጎርፍ እንደሚወስደው እያወቀ ለድሃ ቦታ የሸጠ ሰው ካለ፣ የእሱ ንስሐ አራት እጥፍ ነው። ደንገጎ ላይ ዛፍ የጨረስን ንስሐችን መትከል ነው። ድምፅ ማጉያ ይዞ በሙት ላይ መጮህ ለማን ይጠቅማል?

ጽኑ ዐለት፦
ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና እርስዎም በደለኛ እየፈለጉ ነው። ቦታ የሸጠውን፣ ዛፍ የቆረጠውን። እንግዲህ ምክንያት አለ ማለት ነው። እኔም ያልኩት ይኼንኑ ነው።

የባቡር ጡረተኛ፦
አይደለም ልጄ። እኔ የምለው በደለኛ በደለኛ ነው፣ በስሙ ይጠራ ነው። አንተ የምትለው የሞተው በደለኛ ነበር ነው።

የከዚራ ልጅ፦
ጋሼ ጨረሱት! ፍርድ ነበር ካልን ፍርዱ ሰው ስቷል። የሸጠው ተረፈ፣ የገዛው ሞተ። እግዚአብሔር እንዲህ ዓይነት ዳኛ ነው ብሎ ማስተማር እሱን መሳደብ ነው።

ጽኑ ዐለት፦
ቀስ በል። የተረፈው ጻድቅ ስለሆነ ነው ያለ ሰው የለም። እዚያው ሉቃስ 13 ላይ ከግንቡ ቀጥሎ የበለሷ ምሳሌ አለች። ሦስት ዓመት ፍሬ አላፈራችም፣ ይቆረጥ ተባለ። ጠባቂው ዘንድሮን ተዋት፣ ዙሪያዋን ልኮትኩትላት ብሎ ለመነ። እኛ የተረፍነው ጊዜ ተሰጥቶን ነው። ሰባኪው ሕዝቡን ለማንቃት ጠንክሮ ተናገረ። ጌታም ጠንክሮ ተናግሯል።

እኅተ ገብርኤል፦
በበለሷ ተስማማሁ። ይኼን ቢሰብክ ማንም አይከፋም ነበር።

የደቻቱ ዳር፦
ለተረፉት ጊዜ ተሰጥቷቸዋል። ለእናቴስ ለምን አልተሰጣትም? ወንድሜ፣ አሁንም ምክንያቷን አልነገርከኝም።

ጽኑ ዐለት፦
እኅቴ፣ አላውቅም። የሱን ሐሳብ ማን መርምሮ ያውቃል?

የከዚራ ልጅ፦
ማንም ካላወቀ ሰባኪው ከየት አወቀ?

እኅተ ገብርኤል፦
እዚህ ላይ ኢዮብን ማየት ያስፈልጋል። ሦስቱ ወዳጆቹ ሰባት ቀን ከሱ ጋር መሬት ላይ ዝም ብለው ተቀመጡ። ደግ ሥራ ነበር። አፋቸውን ሲከፍቱ ተበላሸ። «ንጹሕ ሰው መቼ ጠፋ?» አለው ኤልፋዝ። ልጆችህ በድለው ይሆናል አለው በልዳዶስ። ልጆቹን ለቀበረ አባት! በመጨረሻ እግዚአብሔር የተቆጣው በማን ላይ ነው? በነሱ ላይ። ስለ እኔ ቅን ነገር አልተናገራችሁም አላቸው። መሥዋዕት ይዛችሁ ሂዱ፣ ኢዮብ ይጸልይላችሁ አላቸው። ንስሐ የታዘዘባቸው ምክንያት ሲያብራሩ የነበሩት ናቸው። ይኼ ሰባኪ ከዚያ ምዕራፍ ፊት ይቁም።

ጽኑ ዐለት፦
ኢዮብም እኮ በአፈርና በአመድ ላይ ተጸጽቷል። 42፥6 ላይ። እሱንስ ለምን ዘለልሽው?

እኅተ ገብርኤል፦
አልዘለልኩትም። የተጸጸተው የማያስተውለውን በመናገሩ ነው። ልጆቹን ላሳጣው ኃጢአት ንስሐ ግባ ያለው የለም፣ እንዲህ ያለ ኃጢአት ስላልነበረ። ከመጀመሪያው ምዕራፍ ጀምሮ ጻድቅ ነው ተብሏል። ጻድቁ ራሱን ዝቅ አደረገ፣ ከሳሾቹም ወደ እሱ ተላኩ። አንድ ላይ ነው የሚነበበው።

ጸጋ ብቻ፦
በዚህ እንኳ ከእኅታችን ጋር ነኝ። በዮሐንስ 9 ስለ ዕውሩም እሱ ወይስ ወላጆቹ በደሉ ሲሉት ጌታ ሁለቱንም አይደለም ብሏል።

ጽኑ ዐለት፦
ዮሐንስ 5 ላይ ደግሞ የዳነውን ሰው ከዚህ የባሰ እንዳይደርስብህ ኃጢአት አትሥራ ብሎታል። አንዱን ጠቅሶ አንዱን መደበቅ አይቻልም። እኔ አሜን ያልኩት ለንስሐ ጥሪው ነው፣ ዛሬም አሜን እላለሁ። አዎ፣ ሲሰብክ እዚያ ነበርኩ።

የከዚራ ልጅ፦
ለጥሪው እኔም አሜን። እኔም ንስሐ ያስፈልገኛል፣ ከማንም በላይ። ግን የዳነውን ሰው ጌታ ለብቻው አግኝቶ ነው የመከረው፣ በሕይወት እያለ። «ድሬ ንስሐ ገብታ ቢሆን ኖሮ» የምትለዋን ሰባኪው ያውጣት። ይቺ ልጅ እዚህ እያነበበች ነው። ያቺን ቃል ያውጣና ይጥራን፣ እንመጣለን።

ጽኑ ዐለት፦
እሷን ካወጣህ ነነዌንም አብረህ አውጣ።

እኅተ ገብርኤል፦
ነነዌ እኮ አስቀድሞ ተነግሯታል። በስሟ ነቢይ ተልኮላት 40 ቀን ተሰጥቷታል። ለድሬ ማን መጥቶ ነገራት?

ጽኑ ዐለት፦
በየእሑዱ የሚሰበከውስ ምንድን ነው?

የደቻቱ ዳር፦
እናቴ አንድ እሑድ ቀርታ አታውቅም።