ውጅግራው ባሕር ማዶ ቢቀመጥ ምን አለበት?

ጠያቂ፦ ከእኛ ግምጃ ቤቶች የወጡ አሮጌ ጠበንጃዎች፣ ውጅግራው፣ የጣልያኑ ቬተርሊ፣ የአሜሪካው ረሚንግተን፣ የቤልጅየሙ በልጅግ፣ ከጥቂት ዓመታት ወዲህ አሜሪካ ውስጥ የግል ሰብሳቢዎች እጅ እየገቡ ነው። እዚያ ከእ.ኤ.አ. 1899 በፊት የተሠራ ጠበንጃ በፌዴራል ሕጉ እንደ ጥንታዊ ዕቃ ስለሚታይ የዓድዋ ዘመኑ ያለ ብዙ ጣጣ ይሸጣል። ይህ ቅርስ ማሸሽ ነው ወይስ ከዝገት ማዳን?

የዝገት ጠላት፦ ማዳን ነው። ተከምሮ ሲበላ ማን ዞር ብሎ አየው? ሰብሳቢው ገንዘቡን ከፍሎ ብረቱን ዘይት ይቀባል፣ ቁጥሩን ያነባል፣ በየትኛው ዓመት የት ፋብሪካ እንደተሠራ ቆፍሮ ያወጣል። ደግሞ ውጅግራ የፈረንሳይ የእ.ኤ.አ. 1874 ሥሪት ነው፤ «ፉዚል ግራ» ያሉትን እኛ አላምጠን ውጅግራ አልነው። ፈረንሳይ በገፍ ያመረተችው ነገር ስለሆነ ጥቂቱ ቢሄድ ምንም አይጎድለንም።

ማኅደር፦ ወንድሜ፣ ግራ ብዙ ነው፤ ውጅግራ ግን የእኛ ብቻ ነው። ከ1928ቱ የጣልያን ወረራ በፊት የተገዛውን በልጅግ ተመልከት። የአንበሳ ማኅተም ያለበትን ነው ሰብሳቢው አጥብቆ የሚፈልገው። የእኛን ምልክት ፈልጎ የሚከፍል ሰው ካለ፣ እኛ ምን ቆርጦን ነው «ያው ብረት ነው» የምንለው?

የባላገር ልጅ፦ እኔ ሁለታችሁንም አልደግፍም። የአያቴ ውጅግራ እንጨቱ ተሰንጥቆ በጥሬ ቆዳ ጠፍር የታሰረ ነበር። ሰደፉ ላይ በጩቤ የተጫረ መስቀልና ሁለት ፊደል ነበረበት። አጎቴ ለዓድዋ በዓል ሊይዘው ብሎ አናጢ ዘንድ ወሰደው። ጠፍሩ ተጣለ፣ እንጨቱ በብርጭቆ ወረቀት ተፋቀ፣ ቫርኒሽ ተቀባ። አሁን እንደ መስተዋት ያበራል፤ መስቀሉ ግን የለም። አገር ውስጥ ስለቀረ ተረፈ አትበሉኝ።

የዝገት ጠላት፦ ይኸው! ሰብሳቢ ቢሆን አንድ ጭረት አይነካበትም ነበር።

ጠያቂ፦ ሕጉስ ምን ይላል?

ማኅደር፦ የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጁ፣ ቁጥር 209/1992፣ ያለ ፈቃድ ቅርስ ከአገር ማውጣትን ይከለክላል። የጦር መሣሪያ አዋጁ፣ 1177/2012፣ ደግሞ ያለ ፈቃድ መያዝን። ሰው መሃል ላይ ቀረ። ባሳየው ይወሰድብኛል ብሎ ይሰጋና ጣሪያ ሥር ይሸጉጠዋል፤ ከዚያ በኋላ ምስጡ ነው የሚከራከርበት።

ጡረተኛው፦ ልጆቼ፣ «ሄደ፣ ቀረ» ስትሉ ዋናው ነገር አመለጣችሁ። በ1868 ዓ.ም. ጉንደትና ጉራዕ ላይ ከግብፅ ጦር ብዙ ረሚንግተን ተማርኳል። በነጋዴ እጅ ከባሕር ጠረፍ የገባ ረሚንግተንም አለ። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጡልኝ፤ ብረታቸው አንድ ነው። የትኛው በደም እንደመጣ፣ የትኛው በወርቅና በዝሆን ጥርስ እንደተገዛ የሚነግራችሁ ወረቀት እንጂ ብረት አይደለም። ነጋዴ ስል ደግሞ ያ ፈረንሳዊ ገጣሚ ራምቦም አለበት፤ በ1879 ዓ.ም. ለምኒልክ ጠበንጃ ጭኖ አንኮበር ገብቷል። ያመጣው ያኔም ጊዜ ያለፈበት ነበር! እና ጥያቄዬ፣ አሁን ወደ አሜሪካ የሄዱት ሣጥኖች ሲጫኑ የትኛው ከየትኛው ግምጃ ቤት እንደወጣ ማን ጻፈ?

የዝገት ጠላት፦ ጋሼ፣ እዚህ ላይ እጅ ሰጥቻለሁ። ገዢው ቁጥርና ማኅተም እንጂ የመጣበትን መንገድ አብሮ አይገዛም። ግን አገር ውስጥ የቀረውስ ተጽፏል?

ጡረተኛው፦ አልተጻፈማ። የአጎትየው ቫርኒሽና የነጋዴው ሣጥን ለእኔ አንድ ናቸው።

ማኅደር፦ እኔ ግን አንድ አላደርጋቸውም። ቫርኒሽ የተቀባው ቢያንስ ባለታሪኩ አጠገቡ አለ፣ ይጠየቃል። ባሕር የተሻገረውን ማን ይናገርለታል?

የባላገር ልጅ፦ አክስቴ ዘንድ ፈቃድ ያለው ሌላ ውጅግራ አለ፤ የባለቤቷ አባት የታጠቁት። ሰሞኑን አጎቴ «እሱንም እናሳምረው» እያለ ነው። ምን ላድርግ?

ማኅደር፦ ከአጎትህ አርቀው! ባዶ መሆኑን ካረጋገጥክ በኋላ ከጎን በሚመጣ ብርሃን ቁጥሩን፣ ማኅተሙን፣ ስንጥቁን ሁሉ ፎቶ አንሳ። ከዚያ እትዬን ቡና ላይ አስቀምጠህ ማን እንዴት እንዳገኘው ያስታወሱትን ሁሉ በድምፅ ቅዳ።

የባላገር ልጅ፦ ጠፍር አለበት፤ እሱንስ ልፍታው?

ጡረተኛው፦ ኧረ ተው! ቋጠሮውንም ፎቶ አንሳልኝ።