ዊንተር ላይ ወፍ ለማየት መውጣት፣ ስለ ነጯ ጉጉት

ሰላም ወገኖች፣ ባለፈው ዊንተሩ ቤት ዘጋብኝ ብለሽ የጻፍሽው እህቴ፣ እኔን ከቤት ያወጣኝን ነገር ልንገርሽ። ወፍ ከሚያዩ ሰዎች ጋር መውጣት ከጀመርኩ ይሄ ሦስተኛ ዊንተሬ ነው።

ቅዳሜ ስኖዊ አውል፣ ነጯ ጉጉት ማለት ነው፣ ታየች ተብሎ ስድስት ሆነን ሄድን፣ ንፋሱ ፊት ይልጣል፣ ባይኖኩላሩን (ሩቁን የሚያቀርበውን መነጽር) ዓይኔ ላይ ሳደርገው ትንፋሼ መስታወቱን ያደበዝዘዋል፣ ጠርጌ መልሼ ሳይ ደግሞ ሜዳው ሁሉ ነጭ ስለሆነ እያንዳንዱ የበረዶ ክምር ጉጉት ይመስላል። ሁለት ሰዓት ሙሉ ምንም የለም። ከዛ አብረውን የነበሩ አንድ ሽማግሌ "ያ ክምር ዞሯል" አሉ፣ እውነትም ጭንቅላቷን አዙራ በቢጫ ዓይኗ ጨፈን ገለጥ ታደርጋለች። በስኮፕ፣ ከባይኖኩላር ይበልጥ በሚያቀርበው፣ ስናያት ደረቷ ላይ ጠቆር ያሉ መስመሮች አሉ፣ ስለዚህ ሴት ወይም ወጣት ናት፣ ጥርት ብለው የሚነጡት በዕድሜ የገፉት ወንዶቹ ናቸው። እግሯ እስከ ጣቷ ላባ ለብሷል፣ እኔ ሁለት ካልሲ አድርጌ እየተንቀጠቀጥኩ እሷ ምንም አልመሰላትም።

የምትመጣው ከአርክቲክ፣ ከምድር ሰሜን ጫፍ ነው። እዛ ሌሚንግ የሚባለው አይጥ መሳይ እንስሳ ሲበዛ ብዙ ጫጩት ያሳድጋሉ፣ በዛው ዓመት ዊንተር ወጣቶቹ በብዛት ወደ ደቡብ ይወርዳሉ፣ በፈረንጆች 2013 መጨረሻ ምሥራቅ አሜሪካን ሞልተውት አትላንቲክ ውቅያኖስ ላይ ያለችው ቤርሙዳ ደሴት ድረስ የደረሰች ነበረች። ተርባ ነው የመጣችው የሚባለው ሁሌ እውነት አይደለም፣ ብዙዎቹ ደህና ክብደት ያላቸው ናቸው። ዛፍ የሌለበት ሜዳ፣ የባሕር ዳር አሸዋ፣ ኤርፖርት አካባቢ ፈልጉ፣ የለመደችው አገር እንደዛ ገላጣ ነው፣ ቀንም ታድናለች።

አንድ ነገር ግን እለምናችኋለሁ፣ አትጠጉ! ዓይኗን ጨፈን አድርጋ ከተቀመጠች ተመችቷታል፣ ቀጥ ብላ አፍጥጣ ካየቻችሁ ግን ቀርባችኋል ማለት ነው፣ ቀስ ብላችሁ ወደኋላ ተመለሱ። የኛዋን አንድ ሰው ፎቶ ላንሳ ብሎ እየተጠጋ አስነሳት፣ በዛ ብርድ ለአደን የምትፈልገውን ጉልበት በከንቱ አስጨረሳት፣ እስካሁን ያንገበግበኛል።

ለብርዱ፣ ከወፍራሙ ጓንት ሥር ስስ ጓንት አድርጉ፣ ባይኖኩላሩን ለማስተካከል ጣት ያስፈልጋል። ካልሲ ደርባችሁ ጫማው ካጠበቀ እግር ይብሳል፣ እኔ ያጠፋሁት እሱን ነው፣ ሰፋ ያለ ቡት ይሻላል። ስልክ ደግሞ ውስጥ ኪስ ይሁን፣ በብርድ ባትሪው ቶሎ ይሞታል።

እህቴ ባይኖኩላር ከሌለሽ አትቸገሪ፣ እኔ ሁለት አለኝ። የፊታችን ቅዳሜ ጠዋት ደግመን እንሄዳለን፣ ከመጣሽ ጻፊልኝ።