ዘግይቶ የሚጫነው ፎቶ አዲሱን እየሸፈነብኝ ተቸግሬአለሁ

ሰላም ለሁላችሁ። ፒያሳ ለሚከፈት አነስተኛ የፎቶ አውደ ርእይ በጣት የሚነካ ማሳያ በጃቫስክሪፕት (በድረ ገጽ የፕሮግራም ቋንቋ) እየሠራሁ ነው። ፎቶዎቹ ከፕሮግራሙ ውጭ በፎልደር ተቀምጠዋል፤ ጎብኚው ስም ሲነካ ፎቶው ተጭኖ ካንቫስ (በገጹ ላይ ምስል የሚሳልበት ቦታ) ላይ ይሳላል።

መጠን ማስተካከሉ አላስቸገረኝም። ፎቶው ተጭኖ ሳያልቅ ስፋቱ ቢጠየቅ ዜሮ ስለሚመልስ፣ ስሌቱን በሙሉ ፎቶው ተጭኖ ሲያልቅ በሚሠራው «ኦንሎድ» ውስጥ አስገብቼዋለሁ። 6000 በ4000 ፒክስል የሆነው ፎቶ ከማሳያው ቁመት ጋር እንዲገጥም በ0.27 ተባዝቶ 1620 በ1080 ይሆናል፤ ባለ ስምንት ማዕዘኑ የጊዮርጊስ ካቴድራልም ሳይጨፈለቅ፣ ግራና ቀኙ ጥቁር ሆኖ ይታያል። ጥቁሩን አዘጋጆቹ አልወደዱትም፤ እኔ ግን ጣሪያውን ከመቁረጥ ይሻላል ባይ ነኝ።

ያቃተኝ ሌላ ነው። ጎብኚው ካቴድራሉን ነክቶ ወዲያው የምኒልክን ሐውልት ሲነካ፣ ሐውልቱ ቀድሞ ይወጣና ዘግይቶ የደረሰው ካቴድራል ይሸፍነዋል። የቀድሞውን ጭነት እንዴት ልሰርዘው? ወይስ ለእያንዳንዱ ንክኪ ቁጥር ሰጥቼ ቁጥሩ ያለፈበትን አልሳለው?

በዚያ ላይ አንዱ ፎቶ ከተጨመቀበት ፋይል ሲፈታ ብቻ 96 ሜጋባይት ገደማ ራም ይይዛል፤ የኮምፒውተሩ ራም ደግሞ 4 ጊጋባይት ነው። ፎቶዎቹን አስቀድሜ ላሳንሳቸው ወይስ «ክሪኤት ኢሜጅ ቢትማፕ» የሚባለው የጃቫስክሪፕት ትእዛዝ በሚጫኑበት ጊዜ ቢያሳንሳቸው ይበቃል? የሞከረው ካለ ቢነግረኝ ውለታው አለብኝ።