አባዬ ከሶፋ መነሳት አቃተው፤ በ72 ዓመት ስፖርት ለውጥ ያመጣል?

የመጨረሻ ልጅ

ሰላም ለሁላችሁ። ጥያቄዬ ስለ አባቴ ነው። ከልጆቹ የመጨረሻዋ እኔ ነኝ፤ አብሬው የምውለውም እኔ ነኝ።

አባዬ 72 ዓመቱ ነው። ከሁለት ወር በፊት በሳንባ ምች ሆስፒታል ገብቶ አሥር ቀን ተኛ። ምቹ ለቀቀው፣ ሳሉም ጠፋ። እግሩ ግን አልተመለሰም። ከመታመሙ በፊት ቤታችን ድረስ ሁለት ፎቅ በደረጃ ይወጣ ነበር። አሁን ከሶፋ ለመነሳት ሁለት እጁን መደገፊያው ላይ ይተክልና አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ ወደ ፊት ይወዛወዛል። የጣቶቹ መገጣጠሚያ ይነጣል። በሦስተኛው ካልተነሳ ወደ ኋላ ተደግፎ ቴሌቪዥኑን ያያል፤ መጀመሪያውኑ መነሳት ያልፈለገ ይመስል። ይሄን ሳይ አንጀቴን ይበላዋል።

ስኳር አለበት፣ ዓይነት ሁለት። ኪኒን ይወስዳል። ከሆስፒታል ከወጣ ወዲህ ስኳሩም አልረጋ ብሏል። ምግቡ ያው ነው፣ መድኃኒቱም ያው።

ቤት ውስጥ ሁላችንም «ይረፍ» ነው የምንለው። ውኃ እኔ አቀርባለሁ፣ ስልኩን ወንድሜ ያቀብለዋል፣ ካልሲውን እማዬ ታጠልቅለታለች። እሱም «በዚህ ዕድሜ ሰውነት አንዴ ከወረደ ወረደ ነው» ይላል። ታላቅ እህቴ ደግሞ ኢንተርኔት ላይ «ሴል ያድሳል፣ ቴሎሜር ያስረዝማል» የሚል እንክብል አግኝታ እንግዛለት እያለች ነው።

በዚህ ዕድሜ ስፖርት የእውነት ይሠራል ወይስ እናደክመዋለን? ሜታቦሊዝምና ሴል ከደከሙ በኋላ ምን ዋጋ አለው? የሚያውቅ ሰው ቢያስረዳኝ ደስ ይለኛል።

አብሮ አደግ

እህቴ፣ እግዜር ይማርልሽ። እኔ ብሆን አላስገድዳቸውም። አያቴ ከሕመም ተነስተው እንራመድ ሲሉ ወድቀው ዳሌያቸው ተሰበረ። በዚህ ዕድሜ ዋናው አለመውደቅ ነው። ዕረፍት ይሻላል ባይ ነኝ።

ብርቱ ጉልበት

የመጨረሻ ልጅ፣ እኔ ፊዚዮቴራፒስት ነኝ። 16 ዓመት ሙሉ የሠራሁት ከ65 ዓመት በላይ ከሆኑ ሰዎች ጋር ነው። ያንን ሦስት ጊዜ መወዛወዝ በደንብ አውቀዋለሁ።

መጀመሪያ ስለ አሥሩ ቀን ልንገርሽ። እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣ አንድ ጥናት አለ። አማካይ ዕድሜያቸው 67 የሆነ ጤነኛ ሰዎችን ልክ አሥር ቀን አልጋ ላይ አዋሉ። ትኩሳት የለ፣ ኢንፌክሽን የለ፤ መተኛት ብቻ። በአሥር ቀን ከእግራቸው ብቻ አንድ ኪሎ ገደማ ጡንቻ ሄደ። አባትሽ ላይ ደግሞ ምቹ ተጨምሮበታል። ስለዚህ እሳቸው «ሰውነቴ ወረደ» የሚሉት እርጅና ብቻ እንዳይመስላችሁ። አብዛኛው የአልጋ ዋጋ ነው። ከሆስፒታል ከተመለሱ በኋላ ደግሞ፣ ቅር አይበልሽና፣ አልጋውን ወደ ሶፋ አዛወራችሁት እንጂ አልተነሱም።

የስኳሩም ነገር ከዚሁ ጋር የተያያዘ ይመስለኛል። ኢንሱሊን የሚባለው ሆርሞን ስኳርን ከደም ሲያስወጣ ዋናው ማራገፊያው ጡንቻ ነው። ማራገፊያው ሲጠብ ስኳሩ ደም ውስጥ ይቆያል። ደስ የሚለው ግን ጡንቻ ሲሠራ ኢንሱሊንን አይጠብቅም። ግሉት 4 የሚባሉ ስኳር አስገቢ ፕሮቲኖች ከሴሉ ውስጥ ወደ ግድግዳው ይወጡና በሩን ራሳቸው ይከፍቱታል። ለዚህ ነው ስኳር ላለበት ሰው ከምግብ በኋላ ትንሽ መራመድ እንኳ ቁጥሩ ላይ የሚታየው።

ሜታቦሊዝም ያልሽው፣ ማለትም ሰውነት ኃይል የሚጠቀምበት ሂደት፣ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 ከ6,400 በላይ ሰዎችን፣ ከሕፃን እስከ 95 ዓመት ሽማግሌ፣ ያካተተ ትልቅ ጥናት ታትሟል። የሰውነት መጠን ከተስተካከለ በኋላ የኃይል አጠቃቀማችን ከ20 እስከ 60 ዓመት ብዙም አይለወጥም። ከ60 በኋላ በዓመት 0.7 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። ቀስ ያለ ቁልቁለት ነው። ገደል አይደለም።

አሁን ወደ ሴሉ እንምጣ። የእህትሽ እንክብል እዚህ ጋ ነው የሚመጣው። ቴሎሜር ማለት ሴል ውስጥ የዘር መረጃችንን የያዘው ክሮሞዞም ጫፍ ነው። ልብስ ሰፊ ጨርቁ እንዳይተረተር ጠርዙን እንደሚቀመቅመው ዓይነት ነገር ነው። ሴል በተከፈለ ቁጥር ያ ቅምቅማት ትንሽ ያጥራል፤ በጣም ሲያጥር ሴሉ መከፈል ያቆማል። ይሄ እውነት ነው፣ እ.ኤ.አ. የ2009 የኖቤል ሽልማትም የተሰጠው በዚህ ዙሪያ ለተሠራ ሥራ ነው። ግን የአባትሽን ጭን ተመልከቺ። የጡንቻው ክር ራሱ የማይከፈል ሴል ነው። ከሶፋው ያላስነሳቸው የቴሎሜር ማጠር አይደለም። ደግሞም አብዛኛው የካንሰር ሴል ሳይቆም የሚባዛው ቴሎሜሩን የሚያድስ ኤንዛይም ስለሚያበራ ነው። ስለዚህ «ማስረዘም» ሁልጊዜ ደግ ነገር አይደለም። አረጋውያንን ብርቱ እንዳደረገ የተረጋገጠ የቴሎሜር እንክብል የለም። ገንዘባችሁን አስቀምጡ።

ጡንቻ ውስጥ የሚያረጀው ሌላ ነው። አንደኛው ማይቶኮንድሪያ ነው፤ ስኳርና ስብ አቃጥሎ ኃይል የሚሰጠው የሴሉ ምድጃ። ሰው ካልተንቀሳቀሰ ቁጥሩም አቅሙም ይቀንሳል። ሲንቀሳቀስ ሴሉ አዲስ ይሠራል፣ በ70ም በ80ም። ሁለተኛው ሳተላይት ሴሎች ናቸው። እነዚህ ከጡንቻው ክር ዳር ተኝተው ይጠብቃሉ፤ ጡንቻው ጫና ሲሰማው ነቅተው ይጠግኑታል። በዕድሜ ቁጥራቸው ይቀንሳል፣ ግን አያልቁም። ጫና ከሌለ የሚቀሰቅሳቸው የለም።

እርጅና ላይ ሆኖ ጡንቻ ይመለሳል ወይ ለሚለው፣ እኔን ወደዚህ ሙያ ያስገባኝን ጥናት ልጥቀስ። እ.ኤ.አ. በ1990 የታተመ ነው። በእንክብካቤ ማዕከል የሚኖሩ፣ ዕድሜያቸው ከ86 እስከ 96 የሆነ ደካማ ሰዎች ስምንት ሳምንት የእግር ክብደት አነሱ። የጨረሱት ሰዎች የእግር ጉልበት በአማካይ በ174 በመቶ ጨመረ። አባትሽ ከእነሱ ታናሽ ናቸው።

አሁን ሥራው። ከሶፋው አትጀምሩ፤ ሶፋ ዝቅ ያለ ነው፣ ሰውን ይውጣል። ጠንካራ ወንበር ግድግዳ ላይ አስደግፉና ጠፍጣፋ ትራስ አድርጉበት። መቀመጫው ከፍ ባለ ቁጥር መነሳት ይቀላል። ወደ ወንበሩ ጠርዝ ቀረብ ይበሉ። ከዚያ እግራቸውን ወደ ኋላ ይሳቡ፣ ተረከዛቸው ከጉልበታቸው ትንሽ ወደ ኋላ እስኪሆን። አብዛኛው ሰው እግሩን ወደ ፊት ዘርግቶ ነው ለመነሳት የሚታገለው፤ ያ ለጎረምሳም ከባድ ነው። አሁን ጎንበስ ይበሉ፣ አፍንጫቸው ከእግር ጣታቸው በላይ እስኪደርስ። ያኔ መቀመጫቸው ራሱ ቀለል ይላል፣ ያዩታል። ሲነሱ ትንፋሽ ያውጡ፤ ትንፋሽ ይዞ ማማጥ የደም ግፊትን ያንረዋል። መጀመሪያ ላይ በእጅ መግፋት ችግር የለውም።

ዋናው ሥራ ግን ሲቀመጡ ነው። እስከ አራት እየተቆጠረ፣ በዝግታ። ዘፍ ብሎ መውደቅ የለም። ጭን የሚጠነክረው በዚያች ቁልቁለት ላይ ነው። አምስት ጊዜ፣ ዕረፍት፣ እንደገና አምስት። በሳምንት ሦስት ቀን። አሥሩ ሲቀል ትራሱን አንሱ።

አብሮ አደግ፣ የአያትህ ነገር ያሳዝናል። ስጋትህ ትክክል ነው። ግን እግር በደከመ ቁጥር መውደቅ ይቀርባል እንጂ አይርቅም። ለዚህ ነው የዓለም ጤና ድርጅት ከ65 ዓመት በላይ ላሉ ሰዎች ከእርምጃው በተጨማሪ ሚዛን መጠበቅንና የጡንቻ ጉልበትን በሳምንት ሦስት ቀን እንዲሠሩ የሚመክረው። ሰው አጠገባቸው ይቁም፣ ክንዳቸውን ግን አይጎትት።

ከመጀመራችሁ በፊት ሐኪማቸው ይያቸው። አንዳንድ የስኳር ኪኒን ከእንቅስቃሴ ጋር ሲገናኝ ስኳርን ከልክ በላይ ያወርዳል፤ ስሙን ለሐኪሙ አሳዩ። የደረት ሕመም፣ ማዞር ወይም ያልተለመደ የትንፋሽ ማጠር ከመጣ ወዲያው ይቁም። አንድ ነገር ደግሞ አደራ፦ ካልሲውን ተዉላቸው።

መምህርት በጡረታ

ልጄ፣ እኔ 76 ዓመቴ ነው። ጉልበቴን ኦፕራሲዮን ከተደረግሁ በኋላ ልጆቼ ልክ እንደ እናንተ ነበሩ። ብርጭቆ ሳነሳ እንኳ «ተይው፣ ተይው»። ከፍቅር እንደሆነ አውቃለሁ። ግን ሰው ሁሉን ነገር ሲያቀርቡለት ቀስ በቀስ መጠየቅ ያፍራል፣ ከዚያ መፈለግ ይተዋል። አባትሽ ቴሌቪዥኑን የሚያዩት ለዚያ ነው።

«ስፖርት ሥራ» አትበያቸው። «እኔ ልቁጠር» በያቸው። ልጅ አጠገብ ቆሞ ሲቆጥር ሌላ ነው። እኔ ጥርሴን ስቦርሽ አንድ እጄን ገንዳው ላይ አድርጌ በአንድ እግር እቆማለሁ። ስጀምር ሦስት መቁጠር አልችልም ነበር። አሁን ሃያ እቆጥራለሁ፣ እጄንም አነሳለሁ።

የመጨረሻ ልጅ

እማማ፣ የጻፉልኝን ለአባዬ አነበብኩለት። ዝም ብሎ ሰማና «ሴትዮዋ ልክ ናቸው» አለኝ።

ስድስት ሳምንት ሆነን። ሐኪሙ አየው፣ ከኪኒኖቹ የአንዱን መጠን ቀነሰለት። የመጀመሪያ ቀን ሁለት ትራስ አድርገን ሦስት ጊዜ ተነሳ፤ በሦስተኛው ጭኑ ይንቀጠቀጥ ነበር፣ በሱሪው ላይ ይታያል። ወረቀት ግድግዳ ላይ ለጥፈን በየቀኑ ቁጥሩን ራሱ ይጽፋል። ትናንት ያለ ትራስ፣ እጁን ደረቱ ላይ አጣምሮ፣ አሥራ አንድ። የጠዋት ስኳሩም ከወሩ መጀመሪያ ይሻላል።

ካልሲውን ቅዳሜ ራሱ አጠለቀ። አራት ደቂቃ ፈጀበት። እማዬ በር ላይ ቆማ እጇን አጣጥፋ ጠበቀችው። ላግዝህ አላለችም።

አሁን ደረጃውን ልሞክር እያለ ነው። ቀኝ እግሩ አሁንም ከግራው ይደክማል። የትኛውን ያስቀድም?

ብርቱ ጉልበት

በጣም ነው ደስ ያለኝ! ሲወጡ ብርቱው እግር ይቅደም፤ ለእሳቸው ግራው። ሲወርዱ ደካማው ይቅደም፣ ቀኙ። አንድ እጅ ሁልጊዜ መያዣው ላይ። አንቺ ሲወጡ ከኋላቸው፣ ሲወርዱ ከፊታቸው አንድ ደረጃ ዝቅ ብለሽ ቁሚ። የመጀመሪያ ቀን አራት ደረጃ ብቻ ወጥተው ይመለሱ፤ መውረዱ ከመውጣቱ ይልቅ ጭንን ስለሚያሳምም በማግስቱ ቢያማቸው አትደንግጡ። ሕመሙ ከሦስት ቀን ካለፈ ወይም ጉልበታቸው ካበጠ ግን ጻፊልኝ።